ተራ ሰው በጎበዞች መካከል

በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



ከሁሉ አስቀድሞ ክረምቱን አሳልፎ ለዚህ ጉባኤ ያበቃን አምላክ ይመስገን። በዓመቱ ውስጥ ከመካከላችን የተለዩንን ሁሉ ነፍሳቸውን ይማርልን፤ ቤተሰቦቻቸውንም ያጽናልን።

የዕድራችን ዳኛ «በስብሰባው ላይ ለሰው የሚጠቅም ነገር ተናገር» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ ርእስ ፍለጋ ብዙ አልደከምሁም። በየለቅሶ ቤቱም በየስብሰባችንም ስመለከተው የኖርሁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም በዕውቀት፣ በንግግር፣ በቅኔም ሆነ በሒሳብ እጅግ ከሚበልጡት ጓደኞቹ ጋር የሚኖር ተራ ሰው ድፍረቱን ከየት ያገኛል የሚለው ነው።

ነገሩን ለጨዋታ ያህል ያነሣሁት እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ከምሳ በኋላ አዲስ ሥራ አመራር እንመርጣለን። ጸሐፊያችንም ገንዘብ ያዣችንም ዕድሜ ተጭኗቸዋል፤ «ይብቃን» ብለዋል። ባለፉት ሁለት ምርጫዎች የሆነውን ደግሞ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። «ጠቁሙ» ሲባል የሁላችንም ዐይን ወደ ሦስትና አራት ሰዎች ዞረ፤ ወደ መምህሩ፣ ወደ መሪጌታው፣ ወደ ነገር ዐዋቂው። ሌላ ሰው ሲጠቆም «ኧረ እኔ ምን ዐውቄ! እነ እገሌ እያሉ?» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ተረት ተደግፈን ዝም አልን። መልካም፤ ዝንቡ አልገባም። ነገር ግን እነዚህ ሦስት አራት ሰዎች ሲደክሙ፣ ልጆቻቸውም ለጡረታ ወደ አዲስ አበባ ሲወስዷቸው፣ ድንኳኑን ማን ያስተክላል? መዝገቡን ማን ይይዛል? ነገ እኛንስ ማን ይቀብረናል? ጥያቄው ይኸ ነው።

እንግዲህ ነገሬን ከራሳችን አገር ልጀምር። እኛ በጎጃም ጎበዝ ሰው አጥተን አናውቅም፤ አገራችን የቅኔ አገር ናት። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዋሸራ፣ ጎንጅ ሲባል ተማሪ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ከየአገሩ የሚጎርፍባቸው ጉባኤዎች ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የደረሱልን ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም ከደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው በዚሁ በአገራችን ጉባኤ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው።

በቅኔ ቤት የሚሆነውን ከመካከላችን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለማያውቁት ወጣቶች ስል ግን ላስረዳ። ተማሪው በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለው ዘአምላኪየ ይመጣል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። ተማሪው ቀን ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ገብቶ ቅኔውን ይቆጥራል። ከዚያ የቆጠረውን ይዞ የኔታ ፊት ቆሞ ይናገራል። የኔታም ጓደኞቹ ሁሉ እየሰሙ ያርሙታል፤ «ይኸ ቤቱ አልመታም፣ ይኸ ሰሙና ወርቁ አልተገናኘም» ይሉታል።

ታዲያ በአንድ ጉባኤ የሚኖሩ ተማሪዎች ሁሉ እኩል አይደሉም። አንዱ ልጅ መንገድ ላይ ሲሄድ እንኳ መወድስ ይፈልቅለታል። ሌላው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ለመቋጠር ከጠዋት እስከ ማታ ራሱን ይዞ ይውላል። ሁለቱ አንድ ጎጆ ያድራሉ፤ ከአንድ አኮፋዳ ይበላሉ፤ ሲመሽም እኩል የኔታ ፊት ይቆማሉ። እስቲ አስቡት! ጓደኛህ ስምንት ቤት አዝንቦ በተቀመጠበት ቦታ፣ አንተ ሁለት ቤት፣ እሷም የተሰበረች፣ ይዘህ ልትቆም ነው። ጆሮህ ይግላል፣ ምላስህ ይደርቃል።

እዚህ ላይ ነው ሁለት ዓይነት ልጅ የሚለየው። አንዱ ያፍርና «ነገ አሻሽየ አመጣዋለሁ» ብሎ ከኋላ ይደበቃል። ነገም እንዲሁ፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ። ዓመት ቆይቶ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ወደ እናቱ ይመለሳል። ሌላው ግን የተሰበረች ሁለት ቤቱን ይዞ ይቆማል። ይስቁበታል፤ የኔታም ያርሙታል። በማግሥቱ ስሕተቱ ከሁለት ወደ አንድ ይወርዳል። ይኸ ልጅ ከዚያ ከመወድሱ ልጅ ጋር ላይተካከል ይችላል። ነገር ግን ቅኔ ያውቃል፤ አገሩ ገብቶ ያስተምራል፤ ደብር ያገለግላል።

እኔ ከዚህ የምወስደው ቃል ይኸ ነው፦ ያልተነገረ ቅኔ አይታረምም። የተሰበረም ቢሆን ከተነገረ ይጠገናል፤ በሆድ የቀረው ግን እንደ ተሰበረ ይኖራል።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በትውፊታችን እንደሚነገረው ከአጎቱ ከጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው ብሎ ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ግንዱን ለመውጣት ስትሞክር፣ እየወደቀችም ደግማ ስትነሣ፣ በመጨረሻም ስትደርስ አይቶ ተመለሰ። ይኸ ታሪክ መታገሥን ያስተምራል። እኔ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር አስባለሁ፤ ትሏ ብቻዋን ነበረች። ከጎኗ ሌላ ትል እንደ ፈረስ ሽቅብ ሲጋልብ አላየችም። የእኛ የተራ ሰዎች ፈተና ግን መውደቁ ብቻ አይደለም፤ እኛ ስንወድቅ ጓደኛችን ሳይደክም ሲወጣ እያየን መሆኑ ነው። ስለዚህ ወደ ሌላ ምሳሌ ልሻገር፤ ጎበዝ ጓደኛ ወደ ነበረው ወደ አንድ ሰው።

ወደ ሩጫ ሜዳ እወስዳችኋለሁ። ሻምበል አበበ ቢቂላን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ዕንቁጣጣሽ ነገ ሊብት፣ ሮም ከተማ ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ የትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ከተደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደገና አንደኛ ወጣ። የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

አሁን ግን የምነግራችሁ ስለ ጓደኛው ስለ ሻምበል ማሞ ወልዴ ነው። ማሞና አበበ ሁለቱም የ1924 ዓ.ም. ልጆች ናቸው። ሁለቱም የክብር ዘበኛ ወታደሮች ነበሩ፤ ያሠለጠናቸውም ያው ኦኒ ኒስካነን የሚባለው የስዊድን ሰው ነው። ማሞ ወደ ውጭ አገር ውድድር የሄደው ከአበበ ቀድሞ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን 800 እና 1,500 ሜትር ሮጠ። ከማጣሪያው አላለፈም፤ ከኋላ ነበር የገባው። ሮም ላይ አልነበረም። ቶኪዮ ላይ በ10,000 ሜትር አራተኛ ወጣ፤ በማራቶኑ ግን ጀምሮ አቋረጠ። ያቺ ያቋረጣት ማራቶን፣ ልብ በሉ፣ አበበ ዓለምን ያስደነቀባት ያቺው ማራቶን ናት።

ማሞ ተራ ሯጭ ነበር ማለቴ አይደለም። ከዓለም አራተኛ መውጣት ተራ ነገር አይደለም። ነገር ግን ከአበበ ጎን የቆመ ሰው ሁሉ ተራ መስሎ ይታይ ነበር። ጋዜጣው የሚያወራው ስለ አበበ ነው፤ ሕዝቡ የሚያጨበጭበው ለአበበ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ «እሱ እያለ እኔ ምን ላደርግ እሮጣለሁ?» ብሎ ጫማውን በሰቀለ ነበር። ማሞ ግን ማለዳ እየተነሣ ከዚያው ሰው ጋር መሮጡን አልተወም።

በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ኦሊምፒክ ሆነ። ጥቅምት 3 ቀን ማሞ በ10,000 ሜትር ከኬንያዊው ናፍታሊ ቴሙ በሰከንድ ስድስት ዐሥረኛ ብቻ ተቀድሞ ሁለተኛ ወጣ። ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት 10 ቀን፣ ማራቶኑ ተጀመረ። አበበ እግሩን ታሞ ነበር የተነሣው። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ሕመሙ ጸናበትና ከውድድሩ ወጣ። ማሞ በኋላ እንደተናገረው፣ አበበ እሱ ሊጨርስ እንደማይችል ነግሮት፣ «አደራውን አንተ ተወጣው» በሚል መንፈስ እንዲያሸንፍ አዘዘው።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። በዚያች ደቂቃ ማሞ ፊት ሁለት መንገድ ነበረ። አንደኛው «አበበ ያልቻለውን እኔ ማን ነኝ የምችለው?» ማለት ነው። ይኸ የብዙዎቻችን መንገድ ነው። ጎበዙ ከወደቀ እኛም አብረን እንቀመጣለን፤ ትሕትናም ይመስለናል። ሁለተኛው መንገድ መሮጥ ነው። ማሞ ሮጠ። ባሕር ወለሉን ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው ከተማ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አንደኛ ሆኖ ገባ። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ ኬንጂ ኪሚሃራ ከሦስት ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ደረሰ። ወርቁ ለሦስተኛ ጊዜ በኢትዮጵያ እጅ ቀረ።

ይኸ ድፍረት ከየት መጣ? በዚያች ደቂቃ ከሰማይ ወረደ እንዳትሉኝ። ማሞ ያን ሁሉ ዓመት ከጎበዙ ጓደኛው ጋር ሲሮጥ፣ በኋላው ሲከተል፣ ሲቀደም፣ እግሩ ሳያውቀው የጎበዝን እርምጃ ለምዶ ነበር። ከጎበዝ ኋላ መሮጥ ውርደት ሆኖ የሚታየው ለቆመ ሰው ነው፤ ለሚሮጥ ሰው ግን ትምህርት ቤት ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. አበበ በመኪና አደጋ ወገቡ ተጎዳና እግሮቹ አልታዘዝ አሉት። ያ ሁሉ የእግር ስጦታ በአንድ ሌሊት ተወሰደ። አበበ ግን ተኝቶ አልቀረም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በ1962 ዓ.ም. እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። ልብ በሉልኝ፤ በዚህ አዲስ ነገር እሱ እንደ ማንኛችንም ጀማሪ ነበር። በእግሩ ዓለምን ያሸነፈ ሰው እንደ ጀማሪ ከሌሎች ጎን ለመቆም አላፈረም። እውነቱን ለመናገር እኔ ከሮሙ ድል ይልቅ ይኸ ይበልጥብኛል።

በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የኦሊምፒኩ ውድድር ሙኒክ ሆነ። አበበ በክብር እንግድነት ተጠርቶ በወንበሩ ላይ ሆኖ በዚያ ተገኘ። ማራቶኑ የተሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን ነው፤ ሮም ከተሮጠ ልክ 12 ዓመት በሞላበት ዕለት ማለት ነው። የ40 ዓመቱ ማሞ ሦስተኛ ወጣ። ሰዓቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ነበር። መንገዱ የተለያየ ስለሆነ ማስተያየት ባይገባም፣ አበበ ሮም ላይ ከሮጠው በስምንት ሰከንድ ያንሳል። ሜልቦርን ላይ ከማጣሪያው ያላለፈው ሰው ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ እዚህ ደረሰ። አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። ሁለቱንም ነፍሳቸውን ይማር።

ደግሞ «ሁሉም ሰው አንድ ቀን ወርቅ ያገኛል» እያልሁ እንዳይመስላችሁ። ይኸ ለልጅ የሚነገር ማባበያ ነው። ብዙው ሰው ወርቅ አያገኝም። ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የተሮጠውን 10,000 ሜትር በዕድሜ እኩዮቼ የሆናችሁ አትረሱትም። ወሬው በሬዲዮ ሲሰማ አገሩ ሁሉ «ምሩጽ! ምሩጽ!» አለ። ምሩጽ ይፍጠር ወርቁን ወሰደ፤ መሐመድ ከድር ሦስተኛ ወጣ። ቶሎሳ ቆቱስ? ቶሎሳ አራተኛ ነበር። አራተኛ ሜዳልያ የለውም። ነገር ግን ያን ቀን ሦስቱ እየተቀባበሉ ፍጥነቱን ሲለዋውጡት ነው ፊንላንዶቹን ያደከሟቸው፤ ያ ታላቁ ላሴ ቪሬን እንኳ ከቶሎሳ በኋላ አምስተኛ ሆኖ ነው የገባው። የምሩጽን ማርሽ ሁሉም ያወራዋል። ማርሹ የሚቀየርበትን መንገድ ያበጁት ጓደኞቹ ግን ብዙ አይነሡም። ቶሎሳ በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ሌሎችን ለወርቅ አበቃ።

በቅርቡም ዘመን ስለሺ ስህን በ1996 ዓ.ም. አቴንስ ላይ፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ቤጂንግ ላይ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከቀነኒሳ በቀለ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ ሰው ተቀድሞ፣ ተመልሶ ከዚያው ሰው ጋር አንድ መስመር ላይ መቆም ቀላል ድፍረት አይደለም።

ከሩጫው እንመለስ። «እነዚህ ሁሉ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ እኛን ከእነሱ ምን አገናኘን?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ስለዚህ ከራሴ ኑሮ አንድ ነገር ልጨምር።

እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በመዝገብ ቤት ጸሐፊነት ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግያለሁ። አብረውኝ የሠሩት ብዙዎቹ ባለ ዲፕሎማ ነበሩ። አንደኛው ቃለ ጉባኤ ሲጽፍ ረቂቅ አያስፈልገውም ነበር፤ የጻፈው እንደ ወረደ ወደ ታይፕ ይሄዳል። ሌላው የደመወዙን ድምር በቃሉ ደምሮ የሒሳብ መኪናውን ይቀድም ነበር። ወዳጆቼ ነበሩ፤ በመካከላቸው ግን አፌን አልከፍትም ነበር።

አንድ ቀን የአንዲት ባልቴት የመሬት ጉዳይ ለስብሰባ ቀረበ። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም። «ፋይሏ የለም» ተባለ። ፋይል ከሌለ ጥያቄዋ ይዘጋ ተብሎ ሊወሰን ደረሰ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው ተስማማ። እኔ ወረቀት ላቀብል ነበር ከበሩ አጠገብ የቆምሁት። ፋይሉ በባሏ ስም ሳይሆን በአማቷ ስም እንደተከፈተ ዐውቃለሁ፤ አቧራውን የማራግፈው እኔ ነኛ! ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። «እነዚህ ሰዎች የማያውቁትን እኔ እንዴት ዐውቃለሁ?» የሚል ሐሳብ ያዘኝ። መልሼ ሳስበው ግን፣ እነሱ ሕጉን ያውቃሉ፤ መደርደሪያውን የማውቀው እኔ ነኝ። እጄን አነሣሁ። ድምፄ እየተቆራረጠ «ፋይሉ አለ፤ ላምጣው?» አልሁ። መጣ፤ ተነበበ፤ ባልቴቷም መሬቷን አላጣችም። ያ ሒሳብ ዐዋቂው ወዳጄ ከስብሰባው ስንወጣ ትከሻዬን ይዞ «እኛ የተማርነውን ስንናገር አንተ ያየኸውን ተናገርህ» አለኝ። ይኸን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ተራ ሰው የሚደፍረው በእጁ ስለነካው፣ በዐይኑ ስላየው ነገር ነው። ያን የመሰለ ዕውቀት የሌለው ሰው የለም።

በዕድራችንም ቢሆን ምሳሌው አልጠፋም። ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ ዝናብ፣ ጸሐፊያችን ለሕክምና ደብረ ማርቆስ ሄደው ሳለ ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን ተተከለ፤ ሰው ተሰበሰበ። መዋጮ የሚመዘግብ፣ ለቀብሩ የወጣውን ወጪ የሚጽፍ ግን ጠፋ። መዝገቡ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ እስክሪብቶው ከላዩ ተጋድሞ፣ ወንዶቹ ሁሉ እርስ በርሳችን ተያየን። አንዲት እናት ናቸው የተነሡት። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ሲጽፉም እያንዳንዷን ፊደል ቀስ ብለው ነው የሚያስቀምጧት። «ስጡኝ፣ እኔ ልጻፈው፤ ካበላሸሁ ጸሐፊው ሲመለሱ ያርሙታል» አሉ። እስከ ሰልስቱ ድረስ እሳቸው ጻፉ። ጸሐፊያችን ሲመለሱ መዝገቡን መረመሩት። የሁለት ሰው ስም አጻጻፍ አረሙ። ከገንዘቡ ግን አንዲት ሳንቲም አልጎደለችም። ያ ለቅሶ በክብር የተወጣው በመምህሩም በመሪጌታውም አልነበረም፤ «ያርሙታል» በሚሉት እናት ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንይዘውን በአጭሩ ልናገር።

አንደኛ፣ ራሳችንን ከጎበዝ ጓደኛችን ጋር ሳይሆን ከሥራው ጋር እናስተያይ። «እንደ እገሌ መናገር እችላለሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልሱ ሁልጊዜ «አልችልም» ነው። «ይኸን መዝገብ መያዝ እችላለሁ ወይ?» ብሎ የጠየቀ ግን ብዙውን ጊዜ «ብማር እችላለሁ» የሚል መልስ ያገኛል። ዕድራችን የሚፈልገው ስም መጻፍ፣ ሳንቲም መቁጠር፣ ወንበርና ሳህን ተቀብሎ ማስረከብ የሚችል የታመነ ሰው ነው። መወድስ ዘራፊ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጎበዝ ጓደኛ ያለው ሰው ያለ ክፍያ የተገኘ የኔታ አለው። እንጠይቀው። መጠየቅ የሚያሳፍረው ከጠየቁ በኋላ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ አለመጠየቅ ግን ዕድሜ ልክ ያሳፍራል።

ሦስተኛ፣ ድፍረት ስል ዐይን አውጣነት ማለቴ አይደለም። «ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል። ዳሩ ግን ጭስ ሲወጣ የሰው ዐይን ያስለቅሳል። የማያውቀውን ዐውቃለሁ ብሎ የዕድር ገንዘብ የሚጨብጥ ሰው ደፋር አይባልም። ደፋር የምለው የቻለውን ይዞ የሚቆመውን፣ ሲታረምም የማይቆጣውን ነው።

አራተኛውን የምናገረው ለእናንተ ለባለ ስጦታዎቹ ነው። ጋሼ መምህር፣ አባታችን መሪጌታ፣ አትቀየሙኝ። አበበ ሊጨርስ እንደማይችል ባወቀ ጊዜ ዝም ብሎ አልወጣም፤ ለማሞ ነግሮት ወጣ። እናንተም ከመድከማችሁ በፊት አጠገባችሁ ሰው አስቀምጡ። ሲያጠፋ አትሳቁበት። በጎበዝ ሰው አንድ ሳቅ ስንት ቅኔ በሆድ እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

በመጨረሻ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከዛሬው ምርጫ ጀምሮ ከጸሐፊው፣ ከገንዘብ ያዡና ከንብረት ክፍሉ አጠገብ አንዳንድ ምክትል ይመረጥ። ምክትሉም ከዚህ በፊት በሥራ አመራር ገብቶ የማያውቅ ሰው ይሁን፤ ከሦስቱም ቢያንስ አንዷ ሴት ትሁን። ዓመት ሙሉ ከዋናው ጎን ተቀምጦ ይጻፍ፣ ይቁጠር፣ ይታረም። በሚመጣው ዓመት ዋናው ቢደክም ዕድራችን አይደክምም። ጉባኤው ካመነበት በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ሸክሙን ለጎበዝ ብቻ እንድንጥልበት አይደለም። ከምሳ በኋላ «ጠቁሙ» ሲባል ስማችሁ ከተነሣ፣ እባካችሁ ጋቢያችሁን አትከናነቡ። ተነሥታችሁ «እሞክራለሁ፤ ካጠፋሁ አርሙኝ» በሉ። ከእናንተ የሚፈለገው ይኸው ነው።

 ዕድራችንን አምላክ ያጽናልን፤ ለከርሞውም በሰላም ያገናኘን።